ጌሙን ለማያውቅ ሰው፦ ከኦንላይን ጌም የወጣ ሳይንስ ፊክሽን እንዴት ሪቪው ይደረጋል

መጀመሪያ የራሴን ጉድ ላውራ። ኢቭ ኦንላይን ከሚባለው የጠፈር መንኮራኩር ጌም ስለወጣ ልብወለድ የጻፍኩት የመጀመሪያ ሪቪው አንድ ገፅ ተኩል ነበር፣ ከዛ ውስጥ አንዱ ገፅ ሙሉ ስለ መንኮራኩሮቹ ነው፣ የትኛው ምን ይተኩሳል፣ የትኛው ይፈጥናል፣ መጽሐፉ የትኛውን ስሙን አሳስቶ ጠራው ምናምን። በጣም ኮርቼበት ለአክስቴ ልጅ አነበብኩላት። ነርስ ናት፣ ናይት አድራ ወጥታ ፍቅር ሐይቅ ዳር ቡና እየጠጣን ነው፣ አይኗ እየተከደነ እስከመጨረሻው ሰማችኝ ስታበቃ «እና ሰውየው ምን ሆነ?» አለች። የቱ ሰውዬ አልኳት። «እንዴ፣ መጽሐፍ ነው አላልክም? ሰው የለበትም?»

አለበት እኮ። እኔ ነኝ የረሳሁት።

ከዛ በኋላ ያንን ሪቪው ቀድጄ ሦስት ጊዜ ጻፍኩት፣ እዚህ የምነግራችሁ አካሄድ ከዛ የወጣ ነው። ምሳሌዬ ሁሉ ከኢቭ ነው፣ እሱን ስለማውቀው፣ እናንተ የምትጫወቱት ሌላ ከሆነ ስሙን ቀይራችሁ አንብቡት ያው ነው።

አንደኛ፦ መጽሐፉን ሳትከፍቱ ጌሙና መጽሐፉ እንዴት እንደሚዛመዱ አጣሩ

አንድ ወረቀት ይበቃል። የኔ ላይ ያለው ይሄ ነው፦ ኢቭ ኦንላይን እ.ኤ.አ. በግንቦት 2003 የወጣ፣ ሲሲፒ የሚባል የአይስላንድ ካምፓኒ፣ ቢሮው ሬይኪያቪክ። ከቻይና ውጪ ያለው ተጫዋች ሁሉ አንድ ዓለም ላይ ነው፣ ትራንኩሊቲ የሚባል አንድ ሰርቨር፣ እኔ ከሀዋሳ ሌላው ከብራዚል ገብተን አንድ ቦታ እንገናኛለን። አራት ትልልቅ መንግሥታት አሉ፣ አማር፣ ካልዳሪ፣ ጋለንቴ፣ ሚንማታር። አማር የሃይማኖት ግዛት ነው፣ ሚንማታሮችን ለዘመናት በባርነት የገዛ፣ እነሱም አምፀው የወጡ። ካልዳሪ ላይ ካምፓኒዎች ናቸው አገር የሚያስተዳድሩት። ጋለንቴ ዴሞክራሲ ነኝ ባይ ነው።

መጽሐፉ ደግሞ «ዘ ኤምፓይሪያን ኤጅ» ይባላል፣ ጸሐፊው ቶኒ ጎንዛለስ፣ እ.ኤ.አ. 2008። እዚህ ላይ ቆም በሉ፣ ምክንያቱም በዛው ዓመት ሰኔ ላይ ጌሙ በዛው ስም አንድ ትልቅ ኤክስፓንሽን (ጌሙ ላይ የሚጨመር አዲስ ክፍል) አውጥቷል፣ ተጫዋቾች ለአንዱ መንግሥት ተመዝግበው ሌላውን መውጋት የቻሉት ያኔ ነው። ጦርነቱ ለምን ተነሳ የሚለውን ታሪክ መጽሐፉ ነው የሚነግራችሁ። ማለትም መጽሐፉ ሲጻፍ መድረሻው ተቆርጦ ነበር፣ የፈለገ ቢሆን መጨረሻ ላይ አራቱም መንግሥት መዋጋት አለበት፣ ጌሙ ያንን ይጠብቃላ። ይሄን ካወቃችሁ «ሰላም ለምን አልወረደም፣ መጨረሻው ለምን ተጣደፈ» ብላችሁ ጸሐፊውን ብቻ አትወቅሱም፣ ግን ደግሞ ለአንባቢያችሁ መንገር አለባችሁ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፣ «መጽሐፉ ከጌሙ ኤክስፓንሽን ጋር አብሮ የወጣ ነው» በቃ። ያንን መደበቅ ሻጩ ዘመድህ መሆኑን ሳትናገር ሸቀጡን እንደማሞገስ ነው።

ሁለተኛ፦ እርሳስ ይዛችሁ አንብቡ፣ ምልክቱ ሁለት ፊደል ብቻ ነው

ህዳጉ ላይ «ጌ» እና «መ»። አንድ ቦታ ገብቷችሁ፣ ደስ ብሏችሁ ወይ ደንግጣችሁ ከሆነ ራሳችሁን ጠይቁ፣ ይሄ ስሜት ከየት መጣ? ጌሙን ስለማውቀው ከሆነ «ጌ»፣ መጽሐፉ ራሱ ሠርቶት ከሆነ «መ»። መጽሐፉ የተዋሳችሁት ከሆነ እባካችሁ ወረቀት ቀዳችሁ መሀሉ ላይ አድርጉ፣ የሰው መጽሐፍ ላይ በእስክርቢቶ የሚጽፍ ሰው እኔ ሰላም አልለውም።

ምሳሌ። የሆነ ጣቢያ ስም ሲጠራ ልቤ ዘሎ ነበር፣ ምክንያቱም እዛ ጣቢያ ደጃፍ ላይ የሁለት ወር ልፋቴን የጫነ መንኮራኩር ተዘርፌያለሁ፣ ያ «ጌ» ነው፣ ጸሐፊው ስሙን ከመጥራት ሌላ ምንም አልሠራም፣ ዕዳው የኔ ትዝታ ላይ ነው የተጻፈው። ሌላ ቦታ ግን አንድ ሰው ክሎን የሚቀመጥበት ፈሳሽ ውስጥ ይነቃል፣ ማን እንደሆነ አያውቅም፣ ስሙን እንኳን አያውቅም። ይሄኛው «መ» ነው፣ ጌሙ እንዲህ ያለ ነገር አድርጎብኝ አያውቅም፣ ጌም ላይ ስሜ ሁሌ ከላይ ተጽፎ ነው የሚታየኝ።

ሲያልቅ ቁጠሩ። «ጌ» ከበዛ መጽሐፉ ለተጫዋች የተጻፈ የፎቶ አልበም ነው ማለት ነው፣ የሠርጉን ዕለት ያልነበረ ሰው አልበም ሲያገላብጥ ምን ያገኛል? «መ» ከበዛ ለማንም ልትሰጡት ትችላላችሁ። እኔ መቁጠሩን በመጀመሪያ እንደ ቀልድ ነበር የጀመርኩት አሁን ግን ሪቪውዬ የሚቆመው በሱ ላይ ነው።

በነገራችን ላይ ማንበቢያ ሰዓት ለጠፋችሁ፣ የኢቭ ሰርቨር በየቀኑ ለጥገና ይዘጋል፣ የጌሙ ሰዓት 11:00 ሲል በኛ ከቀኑ 8 ሰዓት ማለት ነው። እኔ ያኔ መጽሐፉን ይዤ አሞራ ገደል እወርዳለሁ፣ ስመለስ ሰርቨሩ ከተከፈተ ቆይቷል። አንድ ቀን ጦጣ መጥታ ሙዜን ከእጄ ወስዳለች፣ መጽሐፉን አየት አርጋ ትታው ሄደች።

ሦስተኛ፦ ስለ ሞት ጠይቁ

ይሄን ጥያቄ የማይመልስ ሪቪው ለኔ ሪቪው አይደለም፣ ስለዚ እዚህ ትንሽ እቆያለሁ።

ኢቭ ላይ አብራሪው እንቁላል በመሰለች ካፕሱል ውስጥ ተዘፍቆ ነው መንኮራኩሩን የሚነዳው። ካፕሱሏ ስትመታ አእምሮው በዛች ቅጽበት ተቀድቶ ሌላ ቦታ ተዘጋጅቶ ወደሚጠብቀው ክሎን ይላካል፣ ይነቃል፣ ሌላ መንኮራኩር ይገዛል፣ ይቀጥላል። ለጌም ምርጥ ሐሳብ ነው፣ ሌላው ጌም «ሞተሃል፣ ድጋሚ ሞክር» ብሎ የሚያልፈውን እነሱ የታሪኩ አካል አደረጉት። ለልብወለድ ግን መዓት ነው። የማይሞት ሰው ጦርነት ሲገባ እኔ ምን ብዬ ልፍራለት? ከመቶ ገፅ በላይ ውጊያ አንብባችሁ ልባችሁ አንዴም ካልመታ ምክንያቱ ይሄ ሊሆን ይችላል።

ስለዚ ፈልጉ፦ ጸሐፊው ሞትን በምን ተካው? አንዱ መንገድ ያየነው ነው፣ ገላው ተነስቶ ትዝታው ሲቀር። እሱ ጥሩ ነው፣ ከሞት የባሰ ነገር አገኘ። ሁለተኛው መንገድ ክሎን የሌለው ሰው ጋር መሄድ ነው። በኢቭ ታሪክ ውስጥ እኮ መንኮራኩሩ ውስጥ አብራሪው ብቻውን አይደለም፣ ትልልቆቹ ላይ ሠራተኛው በሺዎች ነው፣ መንኮራኩሩ ሲፈነዳ አብራሪው ሌላ ቦታ ይነቃል እነሱ ግን እዛው ይቀራሉ። ጌሙ ላይ እነዚህን ሰዎች አንድ ቀን አይቻቸው አላውቅም፣ ሲፈነዳ የማየው የኢንሹራንስ ብሬን ነው። ይሄን ያነበብኩ ቀን ስንት መንኮራኩር እንዳስፈነዳሁ ሳስብ ትንሽ ከበደኝ፣ ጌም መሆኑን እያወቅኩም።

መጽሐፉ ላይ ቲበስ ሄዝ የሚባል የካልዳሪ ፋብሪካ ሠራተኛ አለ፣ አለቆቹ ላይ ተነስቶ ወደ ሥልጣን የሚሄድ። አብራሪ አይደለም፣ ላቡን የሚሸጥ ሰው ነው። እኔ ከአብራሪዎቹ ይልቅ እሱ ነው የያዘኝ፣ ብወደውም ብጠላውም፣ ምክንያቱም ጌሙ ላይ እሱን ሆኜ መጫወት አልችልም። እንደኔ መለኪያው ይሄ ነው፦ መጽሐፉ ጌሙ ሊያሳየኝ የማይችለውን ምን አሳየኝ? ያው ያየሁትን ውጊያ በቃላት ደግሞ የሚነግረኝ ከሆነ ላፕቶፔን ከፍቼ ራሴ ብዋጋ ይሻለኛል፣ መብራት ካለ።

አራተኛ፦ ተጫዋቾቹ ራሳቸው ከሠሩት ታሪክ ጋር አስተያዩት

ይሄ ኦንላይን ጌም ላይ ብቻ የሚመጣ ነገር ነው። ጌሙ ከተጻፈለት ታሪክ ሌላ በተጫዋቾች የተሠራ እውነተኛ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በጥር 2014 ቢ-አር-5-አር-ቢ በሚባል ቦታ ከ7,000 በላይ ሰው የተሳተፈበት ውጊያ ተደርጎ 21 ሰዓት አካባቢ ፈጀ፣ ታይታን የሚባሉት፣ ለመሥራት ወራት የሚጨርሱት ግዙፎቹ መንኮራኩሮች 75 ወደሙ፣ ኪሳራው በእውነተኛ ገንዘብ ሲተመን ወደ 300 ሺህ ዶላር ተባለ። መነሻው ምን መሰላችሁ? ቦታው በያዙት ተጫዋቾች ስም እንዲቆይ በየጊዜው የሚከፈል ክፍያ ነበር፣ እሱ ሳይከፈል አለፈ። የቤት ኪራይ ረስተህ ስትመለስ ቆልፉ ተቀይሮ ጎረቤትህ ደጅህ ላይ ቆሞ እንደማግኘት ነው።

እና ይሄን ታሪክ ለማንም ብነግር ጆሮውን ይሰጠኛል፣ ነርሷም ሳትቀር። የሚገርመው ውጊያው ውስጥ ለነበረ ሰው በጣም አሰልቺ ነገር ነው፣ ሰው ሲበዛ ሰርቨሩ እንዳይወድቅ ጨዋታው ፍጥነቱን ከመደበኛው ወደ 10 ፐርሰንት እስኪወርድ ድረስ ቀስ ያደርጋል፣ አንድ ቁልፍ ተጭነህ ሻይ አፍልተህ ትመለሳለህ። ታሪኩን የሚያጣፍጠው ፍንዳታው አይደለማ፣ የጠፋው ነገር የሰው ወራት መሆኑና ጥፋቱ ያቺ የተረሳች ክፍያ መሆኗ ነው። መጽሐፉን ስታነቡ ይሄን ሚዛን ያዙ፣ እዛ ውስጥ ለሚፈነዳው ነገር ማን ነው የለፋው? ሲጠፋ ማን ነው የሚጎዳው? መልስ ካጣችሁ ገፁን ጠቅሳችሁ ጻፉት።

ግን ደግሞ መጽሐፉን ይሄን ታሪክ አልያዘም ብላችሁ እንዳትወቅሱት፣ መጽሐፉ 2008 ነው ውጊያው 2014፣ አንድ ጀለሴ ይሄን ስህተት ሠርቶ ጉድ ፈልቶበታል።

አምስተኛ፦ አማርኛው

መጽሐፉ እንግሊዝኛ ነው ሪቪው ደግሞ አማርኛ፣ ሁሉም ሰው የሚንሸራተተው እዚህ ነው። ክሎን በሉ፣ ሰው ያውቀዋል፣ «ቅጂ ገላ» ምናምን እያላችሁ አትፍጠሩ። ሺፕ ለተጫዋች ነው፣ ለአንባቢ መንኮራኩር በሉት። ካፕሱሊር (ካፕሱል ውስጥ ሆኖ መንኮራኩር የሚነዳው ሰው) የሚለውን አንዴ አብራሩና ከዛ አብራሪ ብላችሁ ቀጥሉ። አንድ ሪቪው ውስጥ ከጌሙ የመጡ አዳዲስ ስሞች ከአምስት ከበለጡ አንባቢ ይጠፋል፣ እኔ የመጀመሪያው ላይ 23 ነበረኝ፣ ቆጥሬዋለሁ፣ ሼም ነው።

አንድ ነገር ግን ረጋ ብላችሁ አስቡበት። መጽሐፉ ውስጥ ባርነት አለ፣ የእንግሊዝኛውን ቃል እንዳለ ወደ አማርኛ ብትመልሱት የምታገኙት ቃል በኛ አገር ዛሬም ስድብ ነው፣ ቤት ውስጥ የተሰደበበት ሰው ያነበዋል። እኔ «በባርነት የተያዙት» እያልኩ ነው የጻፍኩት፣ ይረዝማል፣ ይርዘም። ደግሞ እውነቱን ከተባባልን ቃሉ ትክክለኛም ነው፣ ሰዎቹ የተያዙ ናቸው እንጂ ተፈጥሯቸው አይደለም፣ የሚንማታር ታሪክ ሁሉ የሚለው እሱን ነው።

የአማር ገዢዎች ማዕረግ ላይም እንደዛው። አንዴ «ንጉሠ ነገሥት» ብዬ ጻፍኩ፣ የመጡት አስተያየቶች ሁሉ ስለኛ ነገሥታት ሆኑ፣ መጽሐፉን የጠየቀኝ አንድም ሰው የለም፣ አንዱማ «አማር» የሚለውን ስም አይቶ አይስላንዶች ስለኛ ነው የጻፉት ብሎ ሙጭጭ አለ። አሁን «የአማር ገዢ» እላለሁ፣ ሰላም ነው።

ስድስተኛ፦ ጻፉት

መጀመሪያ ከሰው ጀምሩ፣ ከመንግሥት አይደለም። ሁለቱንም የኔን ላሳያችሁ። ከመጀመሪያው ላይ የመንኮራኩሮቹን ወሬ ስናወጣ የሚቀረው ይሄ ነበር፦

«መጽሐፉ የአራቱን ኢምፓየሮች ፖለቲካ በጥልቀት ይዳስሳል። የስፔስ ውጊያዎቹ አሪፍ ናቸው። ለማንኛውም የኢቭ አፍቃሪ የግድ መነበብ ያለበት ነው። 4 ከ5።»

ይሄ ምንም አይልም። መጽሐፉን ሳላነብ ሽፋኑን አይቼ ልጽፈው እችል ነበር። አሁን ያለው፦

«ሰውየው ሲነቃ ስሙን አያውቅም። እዚህ ዓለም ላይ አብራሪ የሆነ ሰው ቢሞት ሌላ ገላ ለብሶ ይነሳል፣ የሱ ግን ገላው ተነስቶ እሱ አልተነሳም። ጎንዛለስ ከዚህ ሰው ጋር እስካለ ድረስ መጽሐፉን ማስቀመጥ አቃተኝ። በየጥቂት ገፁ ከአንዱ መንግሥት ወደ ሌላው ሲዘል ግን ጌሙን ስለተጫወትኩ ነው እንጂ ማን ከማን እንደተጣላ ይጠፋብኝ ነበር። ያልተጫወታችሁ ሰዎች ስሞቹን ወረቀት ላይ እየጻፋችሁ አንብቡ።»

ልዩነቱን አያችሁ? ሁለተኛው ውስጥ ማን እንዳለ፣ ምን እንደሆነ፣ የቱ ጋ እንደሰለቸኝ፣ ለማን እንደሚሆን አለ። ኮከብ የለውም። ኮከብ መስጠት ካለባችሁ ሁለት ስጡ፣ አንዱን ለተጫወተ አንዱን ላልተጫወተ፣ አንድ ላይ አደባልቃችሁ አካፍላችሁ አማካይ አታውጡ፣ ለማንም የማይሆን ቁጥር ነው የሚመጣው።

ስፖይለር (ታሪኩን ለአንባቢ ቀድሞ ማውጣት) ላይ የኔ ሕግ ቀላል ነው፣ ከመጽሐፉ የመጀመሪያ ሩብ ውጪ ያለ ድርጊት አልናገርም። ሰውየው ማን ሆኖ እንደተገኘ ስላልነገርኳችሁ ነው አሁን ማወቅ የፈለጋችሁት።

ሰባተኛ፦ ላልተጫወተ ሰው ጮክ ብላችሁ አንብቡለት

በጽሑፍ አትላኩለት፣ ፊቱን ማየት አለባችሁ። «እ?» ያለበት ቦታ ላይ አታብራሩለት፣ ምልክት አድርጋችሁ እለፉ፣ ምክንያቱም እያንዳንዱ አንባቢ ቤት ሄዳችሁ አታብራሩም። የአክስቴ ልጅ ሁለተኛውን ረቂቅ ሳነብላት አንዴ ብቻ ነው ያስቆመችኝ፣ «አእምሮው ተቀድቶ ሌላ ክሎን ሲላክ የመጀመሪያውስ?» አለች። አንጎሉ በዛው ቅኝት ይቃጠላል አልኳት። ዝም ብላ ቆየችና «እሱማ ሞተ እኮ» አለች። ስንት ዓመት ስጫወት ይሄ አልታየኝም ነበር፣ ሰው ሲሞት የሚያይ ሰው ነው የታየው። ሪቪውዬ ውስጥ አስገባሁት፣ ከሷ መሆኑን ጠቅሼ።

ቴሌግራም ላይ የምትለጥፉ ከሆነ አንድ ፖስት 4,096 ካራክተር ነው የሚይዘው፣ የሽፋኑን ፎቶ አያይዛችሁ ከሥሩ ከጻፋችሁ ግን ፕሪሚየም ከሌላችሁ 1,024 ብቻ፣ ስለዚ ፎቶውን ለብቻ ጽሑፉን ለብቻ። ከለጠፋችሁ በኋላ አንድ ጌመር መጥቶ የመንኮራኩሩን ስም ተሳስተሃል ይላችኋል፣ ሁሌም ይመጣል፣ ትክክል ከሆነ አርማችሁ አመስግኑት፣ ክርክር ውስጥ አትግቡ።

መጽሐፉ አሁን የአክስቴ ልጅ ጋ ነው፣ ናይት ስትገባ ይዛው ትሄዳለች። ትናንት በቴክስት «ያ ሰውዬ ስሙን አገኘው ወይስ የለም?» ብላ ጠየቀችኝ፣ አልነገርኳትም።